ሞፈር ጠያቂ ያጣው ጫካ

እኛ ሰፈር ሞፈር የተሰበረበት ሰው ገበያ አይሄድም ነበር። ጫካ ያለው ሰው ቤት ይመጣና አጥሩ ጥግ ቆሞ ያስላል። ጉንፋን አለመሆኑን ስለምናውቅ ቶሎ ብለን ውሻውን እናስራለን። ጫካው የባሌ አባት ነበር፤ ከእሳቸው ለባሌ፣ ከባሌ ለእኔ ደረሰ። ከኢንጅባራ ወደ ግምጃ ቤት ከተማ ሲኬድ ከመንገዱ ከፍ ብሎ ዳገቱን የያዘ፣ ዝግባና ኮሶ፣ ጥቁር እንጨትም ያለበት፣ ግርጌውን ቀርከሃ የከበበው ጫካ ነው። ሰፊ እንኳ አይደለም፤ ከዚህ ጫፍ የተጣራ ሰው ከዚያኛው ጫፍ ይሰማል። ግን በዙሪያው ካሉት ኮረብቶች ላይ ሌላው ሁሉ አልቆ የቀረው እሱ ነው።

የመጠየቁ ወግ እንዲህ ነው። ጠያቂው እህል ሳይቀምስ በጠዋት ይመጣል። ሞፈር ፈልጌ ነው አይልም፣ ነውር ነው። ይቀመጣል፤ ስለ ከብቱ ይጠይቃል፣ ስለ ዝናቡ ይጠይቃል፣ የሞተ ካለ ነፍስ ይማር ይላል። እኛም የመጣበትን ፈጽሞ ያልጠረጠርን መስለን እናወራለን። የተቀቀለው ድንች ተበልቶ፣ ሰውየው ልሂድ ብሎ ጋቢውን ሲያስተካክል፣ ድንገት ትዝ እንዳለው ሆኖ "ሞፈሬ ተሰበረብኝ እኮ" ይላል። ያኔ ባለቤቱ "ምነው! እንደዚያ ያለው ሞፈር?" ብሎ ይደነግጣል። ድንጋጤው የውሸት ነው፤ ጠያቂውም የውሸት መሆኑን ያውቃል። ከዚያ አብረው ጫካ ይገባሉ። ጠያቂው አንዱን እንጨት ያሳያል፣ ባለቤቱ "እሱ ገና ልጅ ነው፣ ይሄኛው ይሁን" ይላል። የመጀመሪያዋን መጥረቢያ የሚያሳርፈው ባለቤቱ ራሱ ነው። የባለቤቱ እጅ ሳይነካው የተቆረጠ እንጨት ስርቆት ነው፣ የነካው ስጦታ። ስለ ገንዘብ ማንም አንስቶ አያውቅም።

እኔን ሰው ያደረገኝ ይኸው ወግ ነው። የዳንግላ ልጅ ነኝ፤ አባቴ ጋሪ ይነዳ ነበር። ተድሬ ስመጣ አገውኛ አንዲት ቃል አልሰማም። ሴቶቹ ወንዝ ላይ በሳቁ ቁጥር በእኔ የሚስቁ ይመስለኝ ነበር፤ እውነቱን ለመናገር በእኔም ይስቁ ነበር። ማድጋውን አዝዬ መውጣት ስለማልችል ግማሹ በጀርባዬ ይፈስ ነበራ! ቤት ገብቼ አለቅስና ተመልሼ እወርዳለሁ። አንድ ቀን ጠዋት አንድ ጎረቤት አጥሩ ጥግ ቆመው አሳሉ። ወጉ ሁሉ አልቆ ጫካ ስንገባ የባሌ አባት መጥረቢያውን ለእኔ አቀበሉኝና "የዚህ ቤት ሰው ነሽ፣ ምቺው" አሉኝ። መታሁት። ምን ዋጋ አለው፣ መጥረቢያው ተንሸራቶ ድንጋይ ላይ አረፈ። ጎረቤታችን እስኪያነቡ ሳቁብኝ፤ በሁለተኛው ግን አልሳትኩም። ወሬው ወንዝ ድረስ ወረደ፣ ሴቶቹም ከዚያን ቀን ጀምሮ በስሜ ይጠሩኝ ጀመር። በአገውኛ አሟልቼ የተማርኩት የመጀመሪያው አረፍተ ነገር "ሞፈሬ ተሰበረብኝ" የሚለው ነው።

እኒያ ጎረቤት በኋላ አበልጄ ሆኑ። ሚስታቸው፣ ነፍሷን ይማረውና፣ ልጄን ክርስትና አነሳችልኝ። ባሌ ሲሞት መሬቴን በእኩል የሚያርሱልኝ እሳቸው ነበሩ። ልጄ ባሕር ዳር ሥራ ይዛ ስለነበር ቤት የቀረነው እኔ፣ ውሻውና አንዲት ላም ነን። ቢሆንም ብቸኛ ነኝ ብዬ አላውቅም ነበር። ጫካ አለኝ፤ ጫካ ካለኝ ሰው ይመጣል። አንዱ ሞፈር፣ አንዱ ድግር፣ አንዱ ለአልጋ እግር የሚሆን ይፈልጋል። ሴቶቹ የወደቀ ጭራሮ ለቅመው ሲመለሱ ጠላዬን ሳይቀምሱ አያልፉም። ሞፈር የወሰደ ሰው ድንች ሲቆፍር የመጀመሪያውን ቅርጫት ይዞልኝ ይመጣል። ይህን ሁሉ የኔ ጠባይ ያመጣው ይመስለኝ ነበር፤ አይ የኔ ነገር! ጠባዬማ ይታወቃል።

ሚሊኒየሙ ካለፈ ከጥቂት ዓመታት በኋላ አገሩ ሁሉ ዲከረንስ መትከል ያዘ። ዲከረንስ የሚሉት ቶሎ የሚያድግ የፈረንጅ ግራር ነው፤ ጥቂት ዓመት ይቆይና ተቆርጦ ከሰል ይሆናል። ገብስ ይበቅልበት የነበረው ማሳ ዲከረንስ ሆነ፣ የተረፈውም አሮጌ ጫካ እየተመነጠረ ዲከረንስ ሆነ። ማታ ማታ ኮረብታው ሁሉ ይጨሳል፤ ጠዋት አይሱዙው ከሰል ጭኖ ወደ አዲስ አበባ ይወርዳል። ሰው አለፈለት፣ አልዋሽም። ጣሪያ ቆርቆሮ ሆነ፣ ልጅ ኮሌጅ ገባ። ዋርሳዬ፣ የባሌ ታናሽ ወንድም ማለት ነው፣ የራሱን ድርሻ ጫካ እስከ ሥሩ መንጥሮ ተከለና የእኔን ማየት ጀመረ።

"እትዬ፣ ይሄ ጫካ ምን ይሠራልሻል? የጦጣ ሰፈር ነው" ይለኛል።

"ጦጣውም ከአንተ ይሻላል፤ መጥቶ ይጎበኘኛል" እለዋለሁ።

ይስቃል፣ ግን ጥያቄውን አይተውም። እንዲህ እየተናቆርን ሳለን ነው አንድ የደን ባለሙያ በሞተር የመጣው። ከኢንጅባራ የተላከ፣ ጫማውን ጭቃ ሲነካው የሚያዝን ወጣት ነበር። በይዞታው ውስጥ አሮጌ ደን ያቆየ ሰው፣ ደኑን ሳይመነጥር ከጠበቀ በየዓመቱ ይከፈለዋል አለኝ።

"ማን ነው የሚከፍለኝ?"

"ጭስ የሚያበዙ አገሮች አሉ፣ እማማ። ዛፍ ያንን ጭስ ይይዛል። ዛፍ ሲቆረጥና ሲቃጠል ደግሞ የያዘውን ይለቀዋል። ስለዚህ ላልቆረጠ ሰው ይከፍላሉ።"

"እማማ አትበለኝ። ታዲያ ጎረቤቶቼ ለማጨስ ሲከፈላቸው እኔ ላለማጨስ ሊከፈለኝ ነው?"

"እንደዚያ ነው" አለ፣ እየሳቀ።

እኔ ግን አንድ ነገር ነበር የሚያስጨንቀኝ፤ ሞፈር ፈልጎ የሚመጣውን ሰው ምን ልለው ነው? ይህን ጠየቅሁት። ለእርሻ ዕቃ የሚሆን ጥቂት እንጨት ለቀበሌው ደን ኮሚቴ ተነግሮ ይፈቀዳል፣ የወደቀ ጭራሮም ማንም ይልቀም፤ የተከለከለው ምንጣሮና ከሰል ነው አለኝ። እሰይ አልኩ! ኢንጅባራ ተጠርቼ ሄጄ ፈረምኩ። ስብሰባው ላይ የነበሩት በየቀበሌው ጫካ ያላቸው ሰዎች ናቸው። ከእኛ ሰፈር ጫካ ያለኝ እኔ ብቻ ነኝና ከእኛ ሰፈር የተገኘሁትም እኔ ብቻ ነበርኩ። ስመለስ ባለሙያው ከሁለት ሰዎች ጋር መጥቶ ጫካው ግርጌ፣ መንገዱ ዳር፣ አረንጓዴ ቀለም የተቀባ የቆርቆሮ ታፔላ ተከለ። ደን እንደሆነና ጥበቃ እንደሚደረግለት ይናገራል። ታፔላው አምሮብኝ፣ አቧራውን በቀሚሴ እጠርገው ነበር። የመጀመሪያው ክፍያ ሲገባ የሚያፈሰውን ጣሪያዬን በአዲስ ቆርቆሮ ቀየርኩበት።

ከዚያ በኋላ ሰው ቀረ።

መጀመሪያ ላይ ልብ አላልኩም። የሥራ ወቅት ነው፣ ሰው ደክሞት ነው አልኩ። ግንቦት መጣ፤ ሞፈር የሚፈተሽበት፣ የተሰነጠቀው የሚጣልበት ወር ነው። በየጠዋቱ ድንች ቀቅዬ እጠብቃለሁ። አንድም የሚያስል የለም። ሴቶቹ ጭራሮ ለቀማ በታችኛው መንገድ ዞረው፣ ሩቁን ገደል ወርደው ይሄዳሉ። ገበያ ላይ ሳገኛቸው ሰላምታቸው አልጎደለም፤ ይስሙኛል፣ ስለ ልጄ ይጠይቁኛል። ደጄ ላይ ግን የሚደርስ ጠፋ። ጠላዬ ጋኑ ውስጥ ይኮመጥጣል። ድንቹን ለውሻው እሰጠዋለሁ፣ ውሻውም ጠግቦ ፊቱን ያዞርብኛል።

ቅናት ነው አልኩ። ሌላ ምን ይሆናል? ቁጭ ብላ ትከፈላለች ብለው ነው። ታዲያ እኔስ ኩራት አጣሁ? ለምን ቀራችሁ ብዬ በየቤቱ ልዞር ነው? ይቅር! እንዲህ እያልኩ ከአንድ ክረምት ወደ ሌላው ተሻገርኩ። ለልጄ ስልክ የምደውለው ጫካው አናት ላይ፣ ትልቁ ዝግባ ሥር ወጥቼ ነው፤ ኔትወርክ የሚገኘው እዚያ ብቻ ነው። "እማዬ፣ ሰው አለ አጠገብሽ?" ትለኛለች። "ሞልቷል" እላታለሁ። ስልኩን ዘግቼ እዚያው እቀመጣለሁ። ጫካው ያምራል፣ ወፉም ይዘምራል፣ ሁሉም ነገር ደኅና ነው። እኔ ግን ብቸኝነቱ ደረቴ ላይ ቁጭ ብሎብኝ መተንፈስ ያቅተኝ ነበር። ምን አለፋችሁ፣ ለዛፍ ሲከፈል ለሰው ድምፅ የሚከፍል ጠፋ እያልኩ ብቻዬን አወራ ነበር።

አበልጄ ግን ለእርሻ ይመጡ ነበር። በሬዎቻቸውን እየነዱ መጥተው መሬቴን ያርሳሉ። አንድ ሰኔ ላይ ምሳ ይዤ ማሳው ስደርስ የጠመዱት ሞፈር አዲስ ነው። ባሕር ዛፍ! ከግምጃ ቤት ገበያ የተገዛ፣ ልጡ እንኳ በደንብ ያልተላጠ ባሕር ዛፍ። እዚያው ቆሜ ቀረሁ። ያ ሁሉ ጥቁር እንጨት ከራሳችን በላይ ዳገቱ ላይ ቆሞ እያየን፣ አበልጄ የገበያ ሞፈር ገዙ። እሳቸውም ያየሁትን አይተዋል። አንገታቸውን ደፍተው ምሳውን ቆመው በሉ። "ዝናቡ ጥሩ ነው" አሉኝ። "ጥሩ ነው" አልኳቸው።

በሚቀጥለው ዓመት አልመጡም። መሬት ማለስለሻው አለፈ፣ ዘር መዝሪያው ደረሰ፣ አበልጄ የሉም። ወሬውን ያመጣልኝ ዋርሳዬ ነው፤ በሬዎቹን ሸጡ፣ መሬታቸውን ዲከረንስ ተከሉበት አለኝ። ያን ሌሊት አልቅሼ ሳበቃ ወሰንኩ። ጠዋት ዋርሳዬን አስጠርቼ "ውሰደው" አልኩት። "ውሉን እተወዋለሁ፣ ጫካውን መንጥረህ ትከለው፣ የሚደርሰኝን ትልክልኛለህ። እኔ ልጄ ጋ ባሕር ዳር እሄዳለሁ።"

"እውነትሽን ነው እትዬ?"

"ሳልጸጸት ቶሎ በል።"

ነገ ረፋዱ ላይ ቆራጮች ይዤ እመጣለሁ ብሎኝ ሄደ። እኔ ደግሞ ወደ ማታ ሳልሰናበት አልሄድም ብዬ አበልጄ ቤት ወረድኩ። ለመሰናበት አልኩ እንጂ የሄድኩት ለመጣላት ነው። ደጃፋቸው ላይ ብቻቸውን ተቀምጠዋል። ባዶው በረት ከጀርባቸው ነው። ገና ሳልቀመጥ ጀመርኳቸው።

"አበልጅ፣ በሬዎቹን ሸጡ አሉ።"

"ሸጥኩ። ባሕር ዛፉ በየክረምቱ እየተሰበረ አስቸገረኝ፤ ጉልበቴም ደክሟል። ልጆቼም ትከል ብለው ያዙኝ።"

"ባሕር ዛፍ ገበያ ድረስ ሄደው ከመግዛት፣ ከእኔ ቢጠይቁ ምን ነበረበት? ጥቁር እንጨት ጠፍቶ ነው?"

"የማን ጥቁር እንጨት?"

"የእኔ ነዋ!"

ቀና ብለው አዩኝ። የታመመ ሰው እንደሚታይ ነው ያዩኝ።

"አበልጅ፣ እሱማ አሁን ያንቺ አይደለም" አሉኝ፣ ቀስ ብለው።

"ማን አለ?"

"ታፔላው። ማንበብ አልችልም፣ ታፔላ ግን አውቃለሁ። ታፔላ ቆሞበት ለባለቤቱ የተመለሰ መሬት በዕድሜዬ አላየሁም። ገንዘቡንም ተቀብለሻል፤ ጣሪያሽን ሁላችንም አየነው። የሸጥሽውን ጫካ መጥቼ ብለምንሽ ምን ልትይኝ ነው? 'የለኝም' ልትይኝ አይደል? ያንን ከአንቺ አፍ ከምሰማ በባሕር ዛፍ ባርስ ይሻለኛል።"

"ሰፈሩስ?"

"ሰፈሩማ ለቅሶ ላይ ተነጋገረበት። ባሏ ሞቶባት፣ ልጇ ርቃባት፣ ቢጨንቃት ነው የሸጠችው፤ በሯ ላይ እየሄዳችሁ አታሳቅቋት ተባለ። ሴቶቹንም ልጆቹንም ጭራሮ እንዳይለቅሙ ከለከልናቸው፤ ባለገንዘቡ አንቺን እንዳይቆጣ ብለን።"

በስመ አብ! መጀመሪያ ሳቅ መጣብኝ። ከዚያ ሳቁ መሀል ላይ እንባዬ ዱብ ዱብ አለ። ያን ሁሉ ጊዜ በየጓዳው በቅናት እየረገሙኝ ነው ስል፣ ለካ ሰፈር ሙሉ ሰው ገመናዬን ሸፍኖልኝ፣ እንዳላፍር ብሎ ነው በሩቁ የሚዞረው። ጥላቻ ቢሆን እችለው ነበር፣ ተናግሬም እወጣው ነበር። ለእንዲህ ያለ ደግነት ግን ምን ይባላል? አንድ በአንድ ነገርኳቸው፤ እንዳልሸጥኩት፣ የከፈሉኝ ስላልመነጠርኩት ብቻ እንደሆነ፣ ሞፈርም ጭራሮም እንደተፈቀደ፣ ድንች ቀቅዬ ስጠብቃቸው እንደኖርኩ።

"ምነው ቀደም ብለሽ ብትነግሪን" አሉ።

"ምነው ቀደም ብለው ቢጠይቁኝ!" አልኳቸው።

ሁለታችንም ወደ በረቱ አየን። አሁንማ በሬው የለም። ነገ ዋርሳዬ ቆራጭ ይዞ እንደሚመጣና እኔም እንደምሄድ ነገርኳቸው። "መሸብሽ፣ ግቢ" ብቻ አሉኝ። ከፍቶኝ ወጣሁ፤ እንደ ሰው ወግ አትሂጂ እንኳ አላሉኝም።

ጠዋት ሻንጣዬን እያሰርኩ ውሻው ጮኸ። እንደዚያ መጮህ ትቶ ነበር። አጥሩ ጥግ ሰው አሳለ። ዋርሳዬ ነው ብዬ ወጣሁ፤ እሱ ግን ከመቼ ወዲህ አስሎ ያውቃል? አበልጄ ናቸው። የዓመት በዓል ጋቢያቸውን ለብሰዋል፣ ዱላቸውን ተደግፈው ቆመዋል። ውሻውን አሰርኩት። ገቡና ተቀመጡ።

"ላሚቱ እንዴት ናት?" አሉኝ።

"ደኅና ናት።"

"ዝናቡስ ምን ይመስላል?"

"ይዘንባል መሰለኝ።"

ድንች አቀረብኩ። ለመንገድ ብዬ የቀቀልኩት ነው። እየላጡ በሉ፣ እኔም አብሬያቸው በላሁ። ስለ ባሌ ነፍስ ይማር አሉ፣ ስለ ሚስታቸው ነፍስ ይማር አልኩ። ከዚያ ጋቢያቸውን አስተካክለው ሊነሱ ሲሉ፣ ድንገት ትዝ እንዳላቸው ሆነው፣ በአገውኛ፣

"ሞፈሬ ተሰበረብኝ እኮ" አሉኝ።

በሬ የላቸውም። በሬ እንደሌላቸው አውቃለሁ፤ እንደማውቅ ያውቃሉ። ግን ለዚህ ጥያቄ መልሱ አንድ ነው፣ እኔም የዚያ ቤት ሰው ነኝ።

"ምነው! እንደዚያ ያለው ሞፈር?" ብዬ ደነገጥኩ።

መጥረቢያውን ከበር ጀርባ አነሳሁና ተያይዘን ዳገቱን ወጣን። ዋርሳዬ ቆራጮቹን አስከትሎ ታፔላው ጋ ደርሷል። "እትዬ፣ መጣን" አለኝ።

"ዛሬ ሞፈር ጠያቂ አለብኝ" አልኩት።

"ነገ ልመለስ?"

"አትመለስ።"

እኔን አየ፣ አበልጄን አየ፣ ሰዎቹን ይዞ ወረደ። አበልጄ በዱላቸው አንዱን ጥቁር እንጨት ነካ አደረጉ። "እሱ ገና ልጅ ነው፣ ይሄኛው ይሁን" አልኩና መታሁት። ድንጋይ አልነካም፤ እሳቸው ግን የድሮው ትዝ ብሏቸው እስኪያነቡ ሳቁብኝ።

ለኮሚቴው በማግስቱ ነገርኩ፤ ለአንድ ገበሬ አንድ ሞፈር አልኩ። በሬ አለው ወይ ብሎ የጠየቀኝ የለም። ሞፈሩ እስካሁን አበልጄ ቤት ግድግዳ ሥር ተጋድሞ አለ። ክረምት ሲሆን እንዳይጣመም ያገላብጡታል።